ብሎኑ ሳይሰበር ማሰሪያው ለምን ይላላል?

የዌክቦርድ ተጫዋች ሁለት እግሮቹን ከአንድ ሰሌዳ ጋር አስሮ፣ በሞተር ጀልባ እየተጎተተ በውኃ ላይ ይንሸራተታል፤ ጀልባው የሚተወውን ሞገድ እንደ መወጣጫ ተጠቅሞም ወደ አየር ይዘላል። ስፖርቱ መልክ መያዝ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ፣ ቶኒ ፊን በካሊፎርኒያ፣ ጂሚ ሬድመን ደግሞ በቴክሳስ፣ በየፊናቸው በሰሌዳዎቻቸው ላይ የእግር ማሰሪያ በገጠሙ ጊዜ ነው። ያለ ማሰሪያ ከፍ ያለ ዝላይ የለም። ማሰሪያው በዝላይ መካከል ከሰሌዳው ቢላቀቅስ? አንዱ እግር ነጻ ወጥቶ ሌላው እንደታሰረ ሲቀር፣ ሰሌዳው ረጅም ማንሻ ሆኖ የታሰረውን ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይጠመዝዛል። በዚህ ጽሑፍ ማሰሪያው ከሰሌዳው ጋር የሚያያዝበትን መንገድና የሚከዳበትን ምክንያት እንመለከታለን።

የሰሌዳው እምብርት አረፋ መሰል ፕላስቲክ ወይም ቀላል እንጨት ሲሆን፣ በላዩ በሙጫ የተነከረ የመስታወት ክር ይለበጥበታል። በውስጡ ጥርስ ያላቸው የብረት ዳዶዎች ተቀብረዋል። የማሰሪያው መሠሪያ ዝርግ በሰሌዳው ላይ ይቀመጥና፣ ብዙውን ጊዜ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ባላቸው ብሎኖች ከእነዚህ ዳዶዎች ጋር ይታሰራል።

ለመሆኑ ብሎኑ ደካማ ነው? እናስላ። የአንድ 6 ሚሊሜትር ብሎን ጭነት ተሸካሚ ስፋት 20 ካሬ ሚሊሜትር ያህል ነው። የተለመደው የማይዝግ ብረት በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር 700 ኒውተን ስለሚችል፣ አንዱን ብሎን ስቦ ለመበጠስ 14,000 ኒውተን ያስፈልጋል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተጫዋች የክብደቱን 5 እጥፍ በሆነ ኃይል ቢያርፍ እንኳ የሚፈጥረው 3,500 ኒውተን ገደማ ነው። እንግዲህ ችግሩ ያለው ከብሎኑ ጥንካሬ ላይ አይደለም።

ምስጢሩ ያለው በውጥረት ላይ ነው። ብሎን ሲጠብቅ እንደ ጠንካራ ስፕሪንግ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ተመልሶ ለማጠር ሲታገልም ዝርጉን ከሰሌዳው ጋር ይጫነዋል። ዝርጉ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚያግደው ይህ ጫና የሚፈጥረው ሰበቃ ነው። በካቻቢቴ 3 ኒውተን ሜትር ያህል ብናጠብቅ፣ በተለመደው ስሌት እያንዳንዱ ብሎን 2,500 ኒውተን ያህል ይጫናል። አራት ብሎኖች 10,000 ኒውተን ይሰጣሉ፤ የሰበቃው መጠን 0.2 ቢሆን ዝርጉ እስከ 2,000 ኒውተን የሚደርስ የጎን ግፊት ይቋቋማል። ውጥረቱ በግማሽ ሲቀንስ መከላከያውም ወደ 1,000 ኒውተን ይወርዳል።

ዝርጉ አንዴ መንሸራተት ከጀመረ ነገሩ ይባባሳል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጥናት፣ ብሎንን ይበልጥ የሚያላላው ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ጭነት ሳይሆን ወደ ጎን የሚመላለስ እንቅስቃሴ መሆኑን አሳይቷል። ጥርሶቹ ወደ ጎን በተንሸራተቱ ቁጥር ብሎኑን ከመዞር የሚያግደው ሰበቃ ለቅጽበት ይጠፋል፤ የጥርሱ ተዳፋትም ብሎኑን በትንሽ በትንሹ ወደ ኋላ ያዞረዋል።

ውጥረቱ መጀመሪያ እንዴት ይጠፋል? አንደኛው ምክንያት ፕላስቲክ ነው። 10 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው የብሎን ክፍል በ2,500 ኒውተን የሚለጠጠው 0.006 ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን፣ ይህም ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። የፕላስቲክ ዝርግ ደግሞ በጫና ሥር፣ በተለይም በፀሐይ ሙቀት፣ ቀስ በቀስ ቅርጹን ይለውጣል፤ በዓይን የማይታይ መስመጥም ብዙውን ውጥረት ይወስዳል። ሰፊ ሮንዴላ የሚደረገው ጫናውን በሰፊ ቦታ ለመበተን ነው። ሁለተኛው የባሕር ውኃ ነው። የማይዝግ ብረትና አልሙኒየም በጨዋማ ውኃ ሲነካኩ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ የሚበላውም አልሙኒየሙ ነው። ስለዚህ ማሰሪያው በአልሙኒየም ሐዲድ ላይ እየተንሸራተተ በሚገጠምባቸው ሰሌዳዎች፣ ከጨዋማ ውኃ በኋላ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ግድ ነው።

ታዲያ አብዝቶ ማጥበቅ መፍትሔ ይሆናል? አይሆንም። ከመጠን ያለፈ ጥብቀት ዝርጉን ይሰነጥቃል፤ የተቀበረውንም ዳዶ ከእምብርቱ ይነቅላል። ከተገቢው በላይ የረዘመ ብሎን ደግሞ የዳዶውን ወለል ይገፋና ሰሌዳውን ከታች ያበላሻል፤ ለእጅ የጠበቀ ቢመስልም ዝርጉን አይጫንም። የብሎን ማጣበቂያ ፈሳሽም አንዳንድ ፕላስቲኮችን ስለሚሰነጥቅ፣ ለዝርጉ ተስማሚ መሆኑን ሳያረጋግጡ መጠቀም አይገባም። የሚሻለው ከመጀመሪያው ግልቢያ በኋላ፣ ቀጥሎም ወደ ውኃ ከመግባት በፊት በየጊዜው ብሎኖቹን ፈትሾ በልኩ ማጥበቅ ነው።

የመኪና ጎማ ከተገጠመ በኋላ ጥቂት ተጉዞ ዳዶዎቹን ዳግም መፈተሽ የሚመከረውም በዚሁ ሕግ መሠረት ነው። ብሎን ከመሰበሩ በፊት ይላላል፤ መላላቱንም አስቀድሞ ማወቅ የሚቻለው በመፈተሽ ብቻ ነው።