ትዝታ ብቻ የሞላው ሲዲ

በአንድ ሐሳብ ዙሪያ የተሰባሰበ አልበም በሀገራችን ገምጋሚ የለውም። የአንድ ድምጻዊ አዲስ ሥራ ሲወጣ ይወራለታል፤ ስብስቡ ግን የድሮ ዘፈን ልቅምቃሚ ተብሎ ይታለፋል። ይህ አያያዝ ያናድደኛል።

ኢትዮፒክስን የማያውቅ የለም ብዬ ላሳጥረው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ለቡዳ ሙዚክ ያሰናዳው ተከታታይ ነው፤ አምሐ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የጀመረው አምሐ ሪከርድስ ያሳተማቸው ሸክላዎች የጀርባ አጥንቱ ናቸው። በ2005 እ.ኤ.አ. «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለው ፊልም የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ስላሰማ፣ ብዙ ሰው ተከታታዩ በሙሉ ኢትዮ ጃዝ ይመስለዋል። 11ኛው ቅጽ የዓለሙ አጋ በገና፣ 21ኛው የእማሆይ ጽጌማርያም ፒያኖ መሆኑን ልብ አይልም።

የኔ ምርጫ 10ኛው ነው፦ ትዝታ። ከአዳማ ወደ ሁሩታ በሚኒባስ ስንሄድ ይኸው ተከፍቶ ነበር። ሁለተኛው ትዝታ ገና ሲጀምር ሾፌሩ አለፈው። «ተወው እንጂ ወንድሜ» ብለው «ጋሼ፣ ያው ትዝታ ነው፤ አሁን ሰማነው አይደል?» አለኝ።

ያው አይደለም! ትዝታ ዘፈንም ነው፣ ቅኝትም ነው። ቅኝቱ አምስት ድምጾች አሉት፤ ሜጀሩ ላይ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ግማሽ ድምፅ ዝቅ ስታደርጋቸው ማይነሩ ይመጣል፣ ስሜቱም ወዲያው ይጠቁራል። ዜማው የጋራ ነው፤ ግጥሙን፣ ፍጥነቱንና የድምፅ አጣጣሉን ግን እያንዳንዱ ዘፋኝ ከራሱ ያመጣል። እዚያው አልበም ላይ ጌታቸው ካሳ ትዝታን አንዴ በዝግታ፣ አንዴ በፍጥነት ይጫወተዋል። በዝግታው ቃሉን እየጎተተ ያስተክዝሃል፤ በፈጣኑ ባንዱ ከኋላ ይገፋዋል፣ ትከሻህ ሳታዝዘው ይነቃነቃል። ዘፋኙ አንድ፣ ዘፈኑ አንድ፣ የሚሰማህ ግን ሁለት። ለየብቻ ቢሰሙ ይህ ልዩነት አይታይም፤ ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ሰው ነው ያሳየን። የስብስብ አልበም ሙያ ይህ ነው፣ ገምጋሚም መመዘን ያለበት ይህንን ነው፦ ቅደም ተከተሉ ጆሮን ያስተምራል ወይስ ያደነዝዛል?

በዚህ የሠለጠነ ጆሮ ለሮክም ይጠቅማል። ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ ያደረገውን የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» አልበም (2012 እ.ኤ.አ.) «የፈረንጅ ጩኸት» ያሉት ሰዎች ጊታሩን ብቻ ሰምተው ከሥሩ ያለውን የሀገር ዜማ አልሰሙም።

ፍላሽ ላይ ዘፈን የምትሞሉ ልጆች ግን ጥፋታችሁ ይብሳል። የዘፋኙን ስም ፍቃችሁ «ትራክ 01»፣ «ምርጥ የድሮ» እያላችሁ ትሸጣላችሁ፤ ተራውንም ታምሱታላችሁ። ከሲዲው ጋር ባለው ትንሽ መጽሐፍ ላይ ታሪኩና ፎቶግራፉ ተሟልቶ ሳለ ስሙን አብሮ መጻፍ ምን ይከብዳል? የምትገዙም ብትሆኑ ስሙና ተራው እንዳይነካ አድርጋችሁ አስሞሉ፤ ቢያንስ አንዴ፣ ሳትዘሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስሙት።