«ዕድሜ ነው» ብለን የምናልፈው ምልክት

የዛሬው ርዕሳችን በጉባኤ መካከል የማይነሣ ነው። ለካህን ረዳትም ስለ ሴቶች ጡት መጻፍ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ዝምታችን እህት የሚያስቀብረን ከሆነ ዝም ማለቱ ጨዋነት አይባልም።

በአቡ ሐሊፋ፣ በመህቡላና በመንገፍ በሰው ቤት ከሚሠሩት እህቶቻችን መካከል ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት ያለፈ ብዙዎች ናቸው። ይህ ዕድሜ የማረጥ ዘመን የሚቃረብበት ነው። አንዲት ሴት 12 ወር ሙሉ የወር አበባ ሳታይ ከቆየች አረጠች ይባላል፤ በአብዛኛው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ይደርሳል። ከዚያ በፊት አበባው ይዛባል፣ ድንገተኛ ሙቀት ይመጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ጡትም ይከብዳል። የኩዌት በጋና የሥራው ድካም ሲጨመርበት ሁሉንም «ዕድሜ ነው» ብሎ ማለፍ ይቀናል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የጡት ካንሰር ምልክትም በዚሁ ቃል ተሸፍኖ ሊያልፍ ይችላልና።

ታዲያ በምን እንለየው? ሁለቱንም ጡት የሚያም፣ መጥቶ የሚሄድ ሕመም ብዙ ጊዜ ከሆርሞን መለዋወጥ የሚመጣ ነው። በአንድ ጡት ላይ ወጥቶ የማይጠፋ ለውጥ ግን መታየት አለበት። ዋና ዋናዎቹ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦

– በጡት ወይም በብብት ውስጥ የሚዳሰስ ጠጠር ያለ እብጠት፤
– የጡት ቆዳ መሰርጎድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፤
– ቀድሞ ያልነበረ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ መላጥ ወይም መቁሰል፤
– ከጡት ጫፍ ደም ወይም ፈሳሽ መውጣት፤
– የአንዱ ጡት መጠን ወይም ቅርጽ መለወጥ፣ መቅላት።

ልብ በሉ! እብጠቱ በመጀመሪያ ብዙ ጊዜ አያምም። «አላመመኝምና ደህና ነኝ» ማለት ያሳስታል። በሌላ በኩል አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም፤ የሚለየው ግን ሐኪም ብቻ ነው። ከማረጥ በኋላ ተመልሶ የሚመጣ የማሕፀን ደምም ሌላ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ይታይ።

አበባ የምታዩ፣ አበባው ከቆመ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጡታችሁን ዳስሱ። ያረጣችሁ ደግሞ በወር አንድ ቀን ምረጡ፤ ወር በገባ በ21 የእመቤታችን ዕለት ቢሆን አይረሳም። የግል ክፍል ባይኖራችሁ መታጠቢያ ቤት ይበቃል። በሳሙና በራሰ እጅ፣ በሦስቱ መካከለኛ ጣቶች ሆድ፣ ጡቱን በሙሉ እስከ ብብት ድረስ በዝግታ እየዞራችሁ ዳስሱ። በመስታወትም እዩት።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም 2.3 ሚሊዮን ሴቶች በጡት ካንሰር መያዛቸው ታውቋል፤ በዚያው ዓመት 670,000 ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በሀገራችንም ከሴቶች ካንሰር ቀዳሚው ነው፤ ከ50 ዓመት በታች ያሉትንም በብዛት ይይዛል። ብዙዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ሕመሙ ከተስፋፋ በኋላ ነው። «ኮንትራቴን ልጨርስና ሀገሬ ስገባ እታያለሁ» የምትሉ እህቶች፣ ኮንትራት ሁለት ዓመት ነው፤ ሕመሙ ግን ሁለት ዓመት አይጠብቅም። በሀገር ቤትም የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለነበር ወረፋው ብዙዎችን አስለቅሷል።

እዚህ ሳላችሁ መጀመሪያ ወደ አካባቢያችሁ ሙስተውሰፍ ሂዱ፤ ከዚያ ወደ ዐዳን ሆስፒታል፣ አስፈላጊ ከሆነም ሹዌይኽ ወዳለው የካንሰር ማዕከል ሊልኳችሁ ይችላሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ (ቁጥር 68) የሠራተኛዋን ሕክምና በአሠሪው ላይ ጥሏል። ለማዳም «ዒንዲ ኩትላ ፊ ሰድሪ» (ጡቴ ላይ እብጠት አለኝ)፣ «አቢ ዶክቶራ» (ሴት ሐኪም እፈልጋለሁ) በሏት። ማዳም ካልሰማች፣ ወይም ከአሠሪ ወጥታችሁ የምትኖሩ ከሆነ፣ ለምታምኗት እህት ወይም ለካህኑ ንገሩ፤ ብቻችሁን አትሸከሙት።

«ጠበል እጠመቃለሁ» የምትል እህት መልካም አደረገች፤ ጠበሉ ግን የሐኪምን ደጅ አይዘጋም። ሐኪምን የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ያስተምረናል። አሥራ ሁለት ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴትም እየፈራች፣ እየተንቀጠቀጠች ቀረበች እንጂ በፍርሃቷ ቤቷ አልቀረችም። እናንተም እየፈራችሁም ቢሆን ቅረቡ።

ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ማንበብ ለማትችል ለአንዲት እህት አንብቡላት። ቸሩ አምላክ ጤናችሁን ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር