ስለ ጃፓኑ ኪሪንና ስለ አክሱም ቀጭኔ

በጅማ ከተማ በኪቶ ፉርዲሳ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሚገኝበት ሠፈር፣ በአንድ ክርስቲያን ቤት ቶናው እየተቀዳ ሳለ፣ የቤቱ ልጅ በደብተሩ ላይ የሣለውን ሥዕል አቀረበልን። ሥዕሉ አካሉ የአጋዘን፣ ጅራቱ የበሬ፣ ሰኮናው የፈረስ ሆኖ በግንባሩ ላይ አንድ ቀንድ ያበቀለ እንስሳ ነበር። ልጁም «ኪሪን ይባላል፤ የጃፓን ነው» አለ። እናቲቱ ግን ደንግጠው፣ «የባዕድ አምልኮ ምልክት ከሆነ ዛሬውኑ ተቀድዶ እሳት ይግባ» አሉ። እኛም ሥዕሉ ከመቀደዱ በፊት ጥቂት እንዲታገሡን ለመንናቸው። ያን ጊዜ የተናገርነውን፣ ሌሎች እናቶችም ሊጠይቁት የሚችሉት ነገር ነውና፣ እነሆ ለውድ አንባቢዎቻችን እናቀርበዋለን።

ኪሪን ወደ ጃፓን የገባው ከቻይና ሲሆን፣ በዚያ ስሙ ቺሊን ነው። እንደ ተረቱ ይህ አውሬ እጅግ ርኅሩኅ ከመሆኑ የተነሣ ሕይወት ያለውን ሣር አይረግጥም፤ ትሉንም አይጨፈልቅም። ቀንዱ እንኳ ማንንም እንዳይወጋ ጫፉ ሥጋ የለበሰ ነው ይላሉ። የሚገለጠውም ጻድቅ ገዥ በነገሠ ወይም ታላቅ ጠቢብ በተወለደ ጊዜ ብቻ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ481 ዓመት አዳኞች አንዱን ይዘው ባገኙ ጊዜ፣ ጠቢቡ ኮንፊሽየስ ደግ አውሬ በክፉ ዘመን መጣ ብሎ አለቀሰ ተብሎ ይተረካል።

እንግዲህ ተረቱ ከአፍሪካ ጋር የተገናኘው እንዲህ ነው። በ1414 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የቤንጋል ንጉሥ ለቻይና ንጉሠ ነገሥት አንድ ቀጭኔ በስጦታ ላከ፤ በማግሥቱም ዓመት ሌላ ቀጭኔ ከማሊንዲ፣ ከዛሬዋ ኬንያ ጠረፍ መጣ። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ቺሊን ደረሰ ብለው ተደሰቱ። በእርግጥም የቀጭኔ ቀንድ በቆዳና በጠጉር የተሸፈነ ነው። ሹማምንቱም ስለ ቺሊኑ መምጣት የደስታ ጽሑፍ ለማቅረብ ቢለምኑ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዮንግሌ አልተቀበላቸውም፤ ዓለም በሰላም ከኖረ ቺሊን ባይመጣም መልካም አስተዳደር አይጎድልም ብሎ መለሰ። አረማዊ ንጉሥ ቢሆንም መልሱ አስደስቶናል። ጃፓኖችም በ1907 በቶኪዮ በዑዌኖ የእንስሳት ማቆያ ቀጭኔ ባስገቡ ጊዜ ኪሪን አሉት፤ እስከ ዛሬም በቋንቋቸው ቀጭኔና ደጉ አውሬ በአንድ ስም ይጠራሉ። በዚያው ከተማ በ1911 በተሠራው በኒሆንባሺ ድልድይ ላይ ክንፍ ያላቸው የነሐስ ኪሪኖች ቆመዋል።

የነሐስ አውሬ ግን ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት፣ በአፄ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ ወደ አዱሊስና ወደ አክሱም መጥቶ ነበር። ይህ ሰው በኋላ በጻፈው መጽሐፍ፣ አራት ግንብ ባለው በኢትዮጵያ ንጉሥ ቤተ መንግሥት የቆሙ አራት የነሐስ ምስሎችን እንዳየ ይመሰክራል፤ ምስሎቹም አንድ ቀንድ ያለው አውሬ ምስሎች ነበሩ። አውሬውን ራሱን በሕይወት አላየሁትም ብሎ በቅንነት መናገሩ ለቃሉ ክብደት ይሰጠዋል። በዚያው ቤተ መንግሥት ግን ከግልገልነታቸው ጀምሮ የተላመዱ ቀጭኔዎችን በዓይኑ አይቷል። ወተት ወይም ውኃ በገበታ ሲቀርብላቸው አንገታቸው ከመሬት ስለማይደርስ የፊት እግራቸውን ግራና ቀኝ ከፍተው ይጠጡ እንደ ነበር ጽፏል። ስለዚህ ጃፓኖች በአንድ ስም የሚጠሯቸው ሁለቱም፣ አንደኛው በነሐስ፣ ሁለተኛው በሥጋ፣ በአክሱም ግቢ በአንድነት ነበሩ።

እናቲቱም ይህን ከሰሙ በኋላ፣ «አንድ ቀንድ ያለውስ በዳዊት አለ አይደለምን?» አሉ። አለ እንጂ! በ91ኛው መዝሙር ዳዊት የደገመ ሁሉ ያውቀዋል። ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍም ስለዚሁ እንስሳ ተናግሮ ምሳሌነቱን ለጌታችን ሰው መሆን ይሰጠዋል። ይህን ስንል ኪሪን የዳዊቱ እንስሳ ነው ማለታችን አይደለም፤ ተረት ተረት ነው፣ መጽሐፍም መጽሐፍ ነው። የልጁ ሥዕል ግን እሳት የሚገባበት ምክንያት አልታየንም።

ያሳዘነን ሌላ ነገር ነው። ቀጭኔው ተረት አይደለም፤ በጋምቤላ ቆላ እስካሁን አለ። ነገር ግን የኑቢያ ቀጭኔ የሚባለው ይህ ወገን በአደንና በመኖሪያው መጥበብ ምክንያት ቁጥሩ አንሶ፣ በ2018 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል መዝግቦታል።

እናቲቱ ሥዕሉን ለልጁ መለሱለት፤ ከሥዕለ ማርያም አጠገብ እንዳይሰቅለው ግን አጥብቀው አስጠነቀቁት። እርሱም ከጅማ በበደሌና በመቱ አድርጎ ጋምቤላ ለመድረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ይጠይቀን ጀመር። በረካው እስኪቀዳ ድረስም አልተወንም።