ወደ ሠርግ ስንሄድ የፈለግነው ድብቅ ዕቃ

ከመካከላችን በልጅነቱ ድብብቆሽ ያልተጫወተ አይገኝም። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆጥራል፤ የቀሩት በጎተራ ኋላና በአጥር ሥር ይሸሸጋሉ። ዛሬ የምንጽፍላችሁ ግን የሚሸሸገው ሰው ሳይሆን ዕቃ፣ ፈላጊዎቹም ልጆች ብቻ ሳይሆኑ ሽበት ያበቀሉ ሰዎች ጭምር ስለ ሆኑበት ጨዋታ ነው። ስሙ ጂኦካሺንግ ይባላል፤ ጂኦ በግሪክ ምድር ማለት ሲሆን፣ ካሽ ደግሞ በፈረንሳይኛ መሸሸጊያ ማለት ነው።

እኛ ይህን ጨዋታ ያወቅነው በአሜሪካ አገር ነው። የእኅታችን ልጅ በካንሳስ ሲቲ ስትዳር፣ እናታችንን ይዘን ከአዲስ አበባ ተነሥተን በዴንቨር ከተማ ወደሚኖረው ታናሽ ወንድማችን ዘንድ ሄድን። ከዚያም ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋራ ስድስት ሆነን በመኪናው ተሳፈርን። መንገዱ ኢንተርስቴት 70 የሚባለው አውራ ጎዳና ሲሆን፣ እስከ ሠርጉ ከተማ 970 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ሠርጉ እሑድ ነው፤ ጥሎሹ ግን በዋዜማው ቅዳሜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይገባል ስለ ተባለ፣ በዚያው ዕለት ንጋት በ12 ሰዓት ጉዞ ጀመርን። አያት ሳትኖር ጥሎሽ እንዴት ይታያል?

ያ አገር ሜዳ ነው። ተራራ ለለመደ ዓይን የሚያርፍበት ስለሌለው ያደክማል። ጉድላንድ በምትባል ከተማ አጠገብ ስንደርስ ብቻ፣ 24 ሜትር ቁመት ባለው የሥዕል ማቆሚያ ላይ የተሰቀለ ታላቅ ሥዕል ከሩቅ ታየን። የቫን ጎግን የአበባ ሥዕል አስመስለው በ2001 እ.ኤ.አ. ያቆሙት ነው። እናታችንም ተመልክተው፣ «ይህስ ሱፍ ነው፤ ምን አድርጎላቸው ነው ይህን ያህል ያገነኑት?» አሉ።

የዐሥራ አራት ዓመቱ የወንድማችን ልጅ ከማለዳ ጀምሮ ከእጅ ስልኩ ላይ ዓይኑን አላነሣም ነበርና በልባችን ታዝበነዋል። ከጉድላንድ ጥቂት እንደ ራቅን ግን ቀና ብሎ፣ «አባዬ፣ ሚንጎ ላይ እንቁም፤ በዓለም ካሉት ድብቅ ዕቃዎች ሁሉ እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ የኖረው የመጀመሪያው እዚያ ነው» አለ። እኛም የነገሩን ምንጭ ጠየቅነው።

የጨዋታው ታሪክ እንዲህ ነው። በምድር ላይ ያለንበትን ስፍራ የሚያሳውቁን በ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚዞሩ ሳተላይቶች ናቸው። እነርሱም የአሜሪካ መንግሥት ንብረት ስለ ሆኑ፣ ለጦር ሠራዊቱ ትክክለኛውን፣ ለሌላው ሕዝብ ግን ሆን ተብሎ የተዛባውን ምልክት ይሰጡ ነበር። መሣሪያ የያዘ ሰው እስከ 100 ሜትር ያህል ሊሳሳት ይችላል። በ1992 ዓ.ም. ሚያዝያ 24 ቀን በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ማዛባቱ ቀረ። በማግሥቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ክፍለ ግዛት፣ ቢቨርክሪክ አጠገብ፣ አንድ ጥቁር ባልዲ እስከ ወገቡ ቀብሮ ስፍራውን በቁጥር አስታወቀ። በባልዲው ውስጥ መጻሕፍት፣ ወንጭፍና የታሸገ ባቄላ፣ ደግሞም ደብተርና እርሳስ ነበሩ። ያገኘ ሰው አንዱን ወስዶ ሌላ ያኖራል፤ ስሙንም ይጽፋል። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኙት። የሚንጎው የተቀመጠው ከዚያ ስምንት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 3 ቀን ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ከ3 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ይገኛሉ። ሕጉም ጠብቋል፤ ለመደበቅ ምድር መቆፈር አይፈቀድም፤ የባለ መሬቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አውሬ እንዳይስብ ምግብ ማኖርም ክልክል ነው። የዚያ የመጀመሪያው ባልዲ ባቄላ በዛሬው ሕግ ባላለፈም ነበር።

ይህን ስንሰማ ሳለ የመኪናው ሰዓት በድንገት አንድ ሰዓት ወደ ፊት ዘለለ። ካንሳስ 105 አውራጃዎች አሏት፤ በምዕራብ ዳር ያሉት አራቱ የተራራማውን አገር ሰዓት ሲከተሉ፣ የቀሩት አንድ ሰዓት ይቀድማሉ። ወንድማችን ይህን ዘንግቶት ኖሯል። ፊቱ ተለወጠ። እኛም መምህር እንደ መሆናችን፣ ጨዋታ ለሌላ ቀን ይደር፣ ጥሎሽ አይቆይም ብለን ተቃወምን። ልጁ መልስ አልሰጠም፤ ወደ ስልኩ ተመለሰ። እናታችን ግን፣ «እግሬ አብጧል። እናንተ ባትፈልጉም እኔ ልቁም» አሉ። ከዚህ በኋላ የሚከራከር አልነበረም።

ከኮልቢ ከተማ አልፎ፣ ሚንጎ ዘንድ ከአውራ ጎዳናው ወጣን። ስልኩ እስከ ጥቂት ሜትር አደረሰንና ከዚያ ወዲያ አቅጣጫው ወዲህና ወዲያ እየዞረ አልረዳ አለ። የቀረው የዓይን ሥራ ነው። ነፋሱ የእናታችንን ነጠላ ያራግበዋል፤ ወንድማችን ሰዓቱን ያያል፤ ልጆቹ ሣሩን ይገልጣሉ። ዕቃው የት እንደ ነበረ አንጽፍም፤ ጨዋታውን ማፍረስ ይሆናልና። የተገኘው ግን በዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ነው።

ልጅቱ ከውስጡ አንዲት ሰማያዊ ብይ ወደደች። ወንድሟ፣ «ከወሰድሽው የማያንስ ነገር ማኖር አለብሽ» ቢላት፣ እጇ ባዶ ነበር። ይህን ስንተረጉምላቸው እናታችን ከመቀነታቸው ቋጠሮ አንድ ብር ሳንቲም ፈትተው ሰጧት።

ቀጥሎም ልጁ ስሙን በደብተሩ ላይ ጽፎ ሊዘጋው ሲል፣ «እኔስ?» አሉ። እናታችን ፊደል የቆጠሩት በጎልማሳነታቸው፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ ማታ ማታ በኩራዝ ነው። እርሳሱን ጨብጠው፣ ደብተሩን በመኪናው አፍንጫ ላይ አስደግፈው፣ እያንዳንዱን ፊደል እየጫኑ ስማቸውንና የአባታቸውን ስም ጻፉ። ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር አኖሩ። ልጁ አንብቦ ደነገጠ፤ አያቱ ከእርሳቸው በላይ ከፈረሙት ሁሉ ስምንት ዓመት ያህል ቀድመው የመጡ መሰለው። «አጎቴ፣ ለምን እንዲህ ሆነ?» ቢለን፣ ባሕረ ሐሳብ የተማርን ሰው ነንና ደስ ብሎን ከዓመተ ዓለም ጀመርን። ወንድማችን፣ «ጋሼ፣ እባክህ በመኪና ውስጥ!» ብሎ ጮኸብን።

በመኪና ውስጥም ፈጸምነው። ከዚያ በኋላ ልጁ በአያቱ ስም ውስጥ ያሉትን ፊደላት አንድ በአንድ እየጠየቀ፣ በሠርጉ የጥሪ ወረቀት ጀርባ ላይ ይገለብጥ ጀመር። «ሰ»ን ከ«ለ» ለመለየት ብዙ ደከመ።

ካንሳስ ሲቲ የደረስነው ከ12 ሰዓት 25 ደቂቃ አልፎ ነው። እኅታችን በር ላይ ቆማ ነበር። የወንዱ ወገኖች ገና ስላልመጡ ነውሩ ተሸፈነልን፤ እርሷ ግን እስከ ማግሥቱ አኩርፋናለች፤ ጥፋቱም የሰዓቱ ብቻ ነው ብለን ልንከራከራት አልደፈርንም። ሠርጉ በደኅና ተፈጸመ።

እኛና እናታችን ከእኅታችን ዘንድ ሰንብተን በአውሮፕላን ተመለስን። የወንድማችን ቤተ ሰብ ግን በመጣበት መንገድ ሲመለስ እንደገና ሚንጎ ላይ ቆመ። ልጁ በስልክ እንደ ነገረን፣ ከአያቱ ስም በታች አራት ሰዎች ፈርመዋል፤ አንድ ብሯም ተወስዳለች። እናታችን ይህን ሲሰሙ አስቀድመው የጠየቁት፣ «ታዲያ በምትኩ ምን አኖረ?» ብለው ነው። ትንሽ የእጅ ባትሪ መሆኑን፣ ሲጫኗትም እንደምትበራ ነገራቸው።