ሐረጎን የሚወጣ ብዕር

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ሜዳው ላይ ተዘርግታለች። ደሴ ከጦሳ ተራራ ግርጌ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። ሁለቱን የሚያገናኘው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ሲወጣ የተሳፋሪው ጆሮ ድፍን ይላል፤ ያን ጊዜ ሰው ምራቁን ይውጥና ይገላገላል። በደረት ኪሱ የቀለም ብዕር የያዘ ከሆነ ግን ብዕሩ ምራቅ የሚውጥበት ጉሮሮ የለውም። ደሴ ደርሶ ክዳኑን ሲከፍት ጣቱ በሰማያዊ ቀለም ሊነከር ይችላል። ብዕሩ ጤነኛ ነው፤ በሆዱ የነበረው አየር ሰፍቶ ቀለሙን ወደ ውጭ ስለገፋው ነው።

ላስተዋውቅ የፈለግኩት ራሱን በራሱ የሚሞላውን የቀለም ብዕር ነው፤ ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ነክረው አንድ ነገር ሲጫኑለት ወይም ሲያዞሩለት ቀለሙን ስቦ የሚጠጣውን። ስለዚህ ዕቃ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው የቀለሙ ጥራትና የጫፉ ወርቅነት ነው። እኔ ግን ዋናው ጥበብ ያለው ሌላ ቦታ ነው እላለሁ። ብዕሩን የሠሩት ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ የታገሉት ከአየር ጋር ነው። ቀለም እንዲገባ አየር መውጣት አለበት፤ ቀለም እንዲወጣ ደግሞ አየር መግባት አለበት። ይህ ልውውጥ ትንሽ ከተዛባ ብዕሩ ወይ ይደርቃል ወይ ይዘረግፋል። ይህን ለማየት ከኮምቦልቻ ደሴ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

አየር አስቸግሮት የማያውቅ ብዕርም እዚያው ወሎ ውስጥ አለ። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ሲያስተምሩ ይጻፍ የነበረው በመቃ ነው። ጸሐፊው መቃውን በቢላ ቀርጾ፣ ጫፉን ሰንጥቆና አግድም ቆርጦ፣ መሬት ላይ በተተከለ የቀለም ቀንድ እየነከረ ብራናው ላይ ይጽፋል። ከኮምቦልቻ ዙሪያ እስከ ደሴ ባሉት መድረሳዎችም ደረሳው በእንጨት ሉሕ ላይ ቁርኣኑን የሚጽፈው በዚሁ ዓይነት መቃ ነበር። የወሎ ሼሆች አማርኛ መንዙማ በዐረብኛ ፊደል ሲጽፉም መሣሪያቸው ያው ነው። አንዱ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋል፤ የሁለቱም መቃ ግን ቀለም የሚያጠራቅምበት ሆድ ስለሌለው ደጋ ቢወጣም ቆላ ቢወርድም ለውጥ የለበትም። ዕዳው ሌላ ነው፤ ጥቂት ቃል በጻፉ ቁጥር ወደ ቀንዱ መመለስ።

ከዚህ ምልልስ ለመገላገል የፈለገ ሁሉ ብዕሩ ውስጥ ማጠራቀሚያ ማስገባት ነበረበት። ሮማንያዊው ፔትራኬ ፖዬናሩ እ.ኤ.አ. በ1827 ፓሪስ ውስጥ ራሱን ቀለም የሚመግብ ብዕር ብሎ የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። ሐሳቡ ደግ ነበር፤ ፈሳሹ ግን ገና አልታዘዘም። ቁልፉን ያገኘው አሜሪካዊው ሉዊስ ዋተርማን ነው፤ መብቱም እ.ኤ.አ. በ1884 ተሰጠው። እርሱ ከጫፉ ሥር በተደበቀው ቀለም አሳላፊ ላይ ፀጉር መሳይ ቦዮች ፈለፈለ። ፈሳሽ በጣም በጠበበ ቦይ ውስጥ ማንም ሳይገፋው ይሳባል። ቀለሙ በቦዮቹ እየተሳበ ወደ ጫፉ ሲወርድ፣ አየር በዚያው መንገድ ትንንሽ አረፋ እየሆነ ወደ ላይ ይገባና የወጣውን ቀለም ቦታ ይይዛል። መጻፍ ሲቆም ልውውጡም ይቆማል። ዛሬ የሚሠራ ማንኛውም የቀለም ብዕር በዚህ ሕግ ነው የሚጽፈው።

የዋተርማን ብዕር ግን አሞላሉ ያሰለች ነበር። ብዕሩን ለሁለት ፈትቶ በማንጠብጠቢያ ጠብታ በጠብታ መሙላት፣ ከዚያ ገጥሞ ጣትን መጥረግ። ለጠበቃው፣ ለመዝገብ ቤት ጸሐፊው፣ ከፍርድ ቤት ደጅ ለሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ይህ በየቀኑ የሚደገም ሥራ ነው። ራሱን የሚሞላው ብዕር የተወለደው ይህን ለማስቀረት ነው።

ዘዴው ከተገለጠ በኋላ ቀላል ይመስላል። በብዕሩ ሆድ የጎማ ከረጢት ይቀመጣል። ከረጢቱ ሲጨመቅ አየሩ ይወጣል፤ ሲለቀቅ ወደ ቅርጹ ሊመለስ ይነፋል፤ ያን ጊዜ በጠርሙሱ ቀለም ላይ የተጫነው የውጭ አየር ቀለሙን ገፍቶ ባዶው ቦታ ያስገባዋል። ብዕሩ ጠጣ እንላለን እንጂ ያጠጣው ከላያችን ያለው አየር ነው። ክርክሩ ሁሉ የነበረው ከረጢቱን በምን እንጨምቀው የሚለው ላይ ነው። ሮይ ኮንክሊን በኦሃዮዋ ቶሊዶ ከተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሠራው ብዕር ከጎኑ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ብረት ወጥቶለት ነበር፤ እርሱን በአውራ ጣት መጫን ነው። ደራሲው ማርክ ትዌይን ይህን ብዕር አመስግኖ ለማስታወቂያ ሲፈቅድ አንዱ ምክንያቱ ያ ብረት ብዕሩን ከጠረጴዛ ላይ ተንከባሎ እንዳይወድቅ መያዙ ነበር። የአዮዋው ጌጣጌጥ ነጋዴ ዋልተር ሼፈር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1908 ከብዕሩ ገላ ጋር እኩል ሆኖ የሚተኛ፣ በጥፍር ተነሥቶ ከረጢቱን የሚጨምቅ ማንሻ አስመዘገበ። ለመልክም ለእጅም የሚመች ስለነበር ለብዙ ዓመታት ገበያውን የያዘው እርሱ ነው። ፓርከር በብዕሩ ጅራት የሚጫኑት ቁልፍ አወጣ። ጀርመን ውስጥ ፔሊካን እ.ኤ.አ. በ1929 ከረጢቱን ጭራሽ አስወግዶ ጅራቱን ሲያዞሩት ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ፒስተን ገጠመለት።

ከሁሉም ልቤን የወሰደው ፓርከር 51 ነው፤ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የወጣው ዓይነት። በአገራችን ፓርከር ማለት ለብዙ ሰው የምርቃት ስጦታ፣ የሹም ደረት ኪስ ጌጥ ነው። እኔ ግን ውጭው ላይ ያለውን የወርቅ ቅብ ትቶ ገላውን መፍታት የሚሻል ይመስለኛል። የኋላ ሽፋኑ ተዙሮ ሲወጣ የብረት ቱቦ ይታያል፤ በቱቦው ጎን በተከፈተው ስንጥቅ በኩል ሸንተረር ያለው ጠፍጣፋ ዘንግ ብቅ ይላል፤ እንዴት እንደሚሞላም እዚያው ብረቱ ላይ ተቀርጿል። ከቱቦው ውስጥ ያለው ከረጢት ከተለመደው ጎማ ሳይሆን ከላስቲክ የተሠራ ነው፤ በአግባቡ የተያዘ ከሆነ ከስንት አሥርት ዓመታት በኋላም ይለጠጣል። በከረጢቱ መካከል ከቀለም አሳላፊው ተነሥቶ ከረጢቱ መጨረሻ ሊደርስ ጥቂት የሚቀረው ስስ መተንፈሻ ቱቦ አለ።

ያ መተንፈሻ ነው የብዕሩ ብልሃት። ጫፉ ቀለም ውስጥ ሆኖ ዘንጉ አንድ ጊዜ ተጭኖ ሲለቀቅ ጥቂት ቀለም ይገባና ከታች ይተኛል፤ አየሩ ከላይ ይቀራል። መተንፈሻው ባይኖር ሁለተኛው ጭመቃ ያንኑ የገባውን ቀለም መልሶ ያስወጣው ነበር። የመተንፈሻው አፍ ግን ከቀለሙ በላይ ስለሆነ ሲጨመቅ የሚወጣው አየሩ ነው። ሲለቀቅ አዲስ ቀለም በመተንፈሻው ወጥቶ ከላይ ይፈስሳል። እንዲህ እየተደጋገመ ቀለሙ ከመተንፈሻው አፍ እስኪደርስ ይሞላል። የመጨረሻዎቹ አረፋዎች ከጠርሙሱ ሲወጡ በጆሮ ይሰማሉ፤ አረፋ ሲቀር ሞልቷል ማለት ነው።

ወደ ሐረጎ እንመለስ። ከኮምቦልቻ ደሴ ሲወጣ የአየር ግፊቱ በ8 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። ብዕሩ ግማሽ ሆኖ በውስጡ 1 ሚሊ ሊትር አየር ቢኖር፣ ያ አየር ደሴ ሲደርስ 0.08 ሚሊ ሊትር ያህል ጨምሮ ቦታ ይፈልጋል። አንድ የውሃ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ የሚገፋው ቀለም አንድ ጠብታ ተኩል ነው፤ ለነጭ ሸሚዝ ከበቂ በላይ። ብዕሩ ጥግ ድረስ የተሞላ ቢሆን ኖሮ ግን የሚሰፋው አየር ኢምንት ስለሆነ ከቀለም አሳላፊው ሥር በማበጠሪያ ጥርስ መልክ የተደረደሩት ስስ ክፍተቶች ይዘው ያስቀሩት ነበር። ከአሰብ ወደብ ተነሥቶ ደሴ ድረስ የሚመጣ ብዕር ቢኖር ፈተናው ይብሳል፤ ደሴ ላይ ያለው ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ በብዕሩ ያለው አየር በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይሰፋል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ግን አያሰጋም። አየሩ ይኮማተራል፤ ብዕሩም ትንሽ አየር ወደ ውስጥ ይስባል።

ስለዚህ ሽቅብ የሚሄድ ሰው ብዕሩን ወይ ሙሉ ያድርገው ወይ ባዶ፤ ጫፉንም ወደ ላይ አድርጎ ኪሱ ይሰካው። ጫፉ ወደ ላይ ሲሆን ቀለሙ ወደ ታች ይተኛል፤ ከአሳላፊው አጠገብ የሚቀረው አየር ስለሆነ ሲሰፋ እርሱ ብቻ ይወጣል። የፓርከር 51 መሐንዲሶች ይህንንም አስበውበታል። ብዕሩ ቀና ሲል የመተንፈሻው ረጅም አፍ ከቀለም ውስጥ ይገባል፤ አየሩ ቀለሙን በዚያ ቱቦ ሽቅብ እንዳይገፋው ከቱቦው ሥር በመርፌ የተወጋች የምታህል ቀዳዳ አበጁለት። አየሩ በዚያች ያመልጣል። ያን የሠሩት አውሮፕላን ለሚሳፈር ሰው ብለው ነው፤ ለሐረጎ ተሳፋሪም ያገለግላል።

ደሴ ተቀምጦ የትም የማይሄድ ሰውም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ብዕሩ ቀዝቅዞ ይጠብቀዋል። በመዳፍ ሲያዝ ይሞቃል፤ በ10 ዲግሪ ሙቀት ልዩነት አየሩ ከ3 ከመቶ በላይ ይሰፋል። ግማሽ የሆነ ብዕር ጠዋት ጠዋት ያለ ምክንያት ሲያንጠባጥብ የሚወቀሰው ቀለሙ ነው፤ የሠራው ግን የእጅ ሙቀት ነው። መፍትሔው እንደ መንገዱ ነው፤ ሳያልቅ መሙላት፣ ወይም ከመጻፍ በፊት ለጥቂት ጊዜ ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ በእጅ ማሞቅ።

ቀለሙን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የሐይቅ ጸሐፊ ጥቁር ቀለም ዋና ነገሩ ጥቀርሻ ነው። ጥቀርሻ በውሃ አይሟሟም፤ ደቃቅ ሆኖ ይንሳፈፋል፤ ሲደርቅም ብራናው ላይ ተጣብቆ ዘመናትን ይሻገራል። መቃው ታጥቦ ወይም እንደገና ተቀርጾ ስለሚቀጥል ይስማማዋል። ለቦዮቹ ግን መርዝ ነው። የቀለም ብዕር በአብዛኛው የሚጠጣው ውሃ ውስጥ ፈጽሞ የሟሟ ማቅለሚያ ነው። ጠርሙስ ያጣ ሰው የማኅተም ቀለም ወይም ለሥዕል የሚሆን ጥቁር ቀለም በውሃ አቅጥኖ ቢሞላበት ቦዮቹ ይደፈናሉ፤ ደግ ብዕር በዚህ ይሞታል። የደረቀ ብዕር የሚድነው ለብ ባለ ውሃ ደጋግሞ በመሙላትና በመድፋት ነው። የፈላ ውሃ የድሮ ብዕሮችን ገላ ያጣምማል።

የመቃውን መልክም ይህ ብዕር ሙሉ በሙሉ አልተካም። አግድም የተቆረጠ መቃ የፊደሉን እግር አወፍሮ አግዳሚውን ያቀጥናል፤ የግእዝ ፊደል ግርማ ከዚያ የመጣ ነው። የተለመደው የቀለም ብዕር ጫፍ እንዳያልቅ በጠንካራ ብረት እንክብል ስለሚያበቃ መስመሩ በሁሉም አቅጣጫ አንድ ነው። አማርኛ በእጁ አሳምሮ መጻፍ ለሚወድ ሰው ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነውን ዓይነት ፈልጎ መያዝ ይሻለዋል፤ ልዩነቱ በመጀመሪያው መስመር ይታያል።

የቀለም ብዕርን ከቢሮ ባስወጣው ዕቃ ታሪክም ያው የከፍታ ጉዳይ አለበት። ሃንጋሪያዊው ላዝሎ ቢሮ ተሰድዶ በገባባት በአርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ1943 መብቱን ያስመዘገበለትን ባለ ኳስ ብዕር የእንግሊዝ አየር ኃይል የፈለገው ሰማይ ላይ ስለማያፈስስ ነው። ቀለሙ ወፍራም ነው፤ የአየር ልውውጡም እንደ ቀጭኑ ቀለም አያስቸግረውም። እ.ኤ.አ. ከ1950 በኋላ ቢክ የተባለው ኩባንያ በርካሽ አበዛውና እስክሪብቶ ሆኖ በየተማሪው እጅ ገባ። በሐረጎ ላይ የሚያሸንፈው እርሱ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ተጭነው ይጽፉበታል። የቀለም ብዕር የራሱ ክብደት ብቻ ስለሚበቃው ረጅም ለሚጽፍ እጅ ዕረፍት ነው። ሲያልቅም ይሞላል እንጂ አይጣልም።

ለሽቅቡም ቢሆን መልስ ያገኙለት አሉ። የለንደኑ ደ ላ ሩ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1905 ኦኖቶ የተባለ ብዕር አወጣ። ጅራቱ ተፈትቶ ወደ ኋላ ይሳብና ወደ ፊት ሲገፋ ከበስተኋላው ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ ገፊው መጨረሻ ላይ ሲደርስ የውጭው አየር ቀለሙን በአንድ ጊዜ ያስገባዋል። ጅራቱ ጥብቅ ብሎ ሲዘጋ ደግሞ ማጠራቀሚያውን ከጫፉ የሚለይ ቡሽ ይከደናል። አየሩ ቢሰፋም መውጫ የለውም። የጃፓኑ ፓይለት በዚሁ ሐሳብ የሚሠራውን ከስተም 823 ዛሬም ያመርታል። ኮምቦልቻ ላይ ጅራቱን አጥብቆ የተሳፈረው ሰው ደሴ ሲደርስ ክዳኑን ያለ ሥጋት ይከፍታል፤ ረጅም ነገር ሊጽፍ ከሆነ ግን ጅራቱን ጥቂት ማላላት አለበት፤ ካልሆነ አሳላፊው ላይ ያለው ቀለም ሲያልቅ ብዕሩ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ይደርቃል።