ያውቁ ኖሯል? «አምቦ» ስንት ነው?

ለሥራ ሳይሆን እንዲሁ ለጨዋታ አዲስ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ መማር ያማረው የአምቦ ልጅ «የቱን ልጀምር?» ማለቱ አይቀርም። ደመወዝ ከሌለበት ምርጫው የጠባይ ጉዳይ ነው፤ ጠባዩንም በገዛ ቃላችን መፈተን ይሻላል።

«አምቦ» የሚለው ቃል ርዝመቱ ስንት እንደሆነ ፓይተንን ቢጠይቁት 3 ይላል፤ ረስትና ጎ ደግሞ 9። የተሳሳተ የለም። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል፤ ሁለቱ የቆጠሩት ባይቱን ነው። «ግንደበረት» የሚለው ቃል ላይማ 18 ይደርሳሉ።

ፓይተን 3 ከወጣበት ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተለዋዋጮች የአማርኛ ስም ይፈቅዳል፤ «ዋጋ = 40» ብለው ቢጽፉ ቅር አይለውም። «ኢፍ» እና «ፎር» ግን ከእንግሊዝኛ ንቅንቅ አይሉም።

ጎ ውስጥ አንድ ስም ከፓኬጁ ውጭ እንዲታይ በትልቅ ፊደል መጀመር አለበት። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ አያውቅም። ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈው «ጉደር» እዚያው ተቆልፎ ሲቀር፣ በቁቤ፣ ማለትም ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በትልቅ ፊደል የተጀመረው ጉደር ደጁን ከፍቶ ይወጣል። አንድ ከተማ፣ ሁለት ዕጣ!

ቁቤም የራሱ ጣጣ አለው። በኦሮምኛ «ዛሬ» ለማለት «ሀርአ» ሲጻፍ መሀሉ ላይ ሁድሃ፣ ማለትም ያቺ ነጠላ ጭረት አለች። ጀማሪው ቃሉን በነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ካስገባው ፓይተን ሁድሃዋን የጥቅሱ መዝጊያ ያደርጋትና የቀረውን «ምንድን ነው?» ብሎ ይቆማል። መፍትሔው በድርብ ትእምርተ ጥቅስ መክበብ ነው። ጃቫና ጎ ጽሑፍን በነጠላ ጭረት ስለማይከብቡ ይህን ሰበብ አያመጡም። ለኦሮምኛ ተናጋሪ ይህ ቀላል ነጥብ አይደለም።

በአምቦ መንገድ ሲሄዱ ሆለታ፣ ጊንጪ፣ አምቦ፣ ጉደር፣ ባኮ ነው ተራው። ፓይተን ሲደረድራቸው ግን ሆለታ፣ ባኮ፣ አምቦ፣ ጉደር፣ ጊንጪ ይሆናሉ። ዩኒኮድ የ«ሀ ለ ሐ መ»ን ቅደም ተከተል ስለጠበቀ ነው፤ ካዕቡ «ጉ» ሣልሱን «ጊ»ን ይቀድማል። የፊደል ገበታ የቆጠረ ሰው እዚህ ላይ እንግዳ አይሆንም።

ግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም። አብዛኞቹ ቋንቋዎች ዝርዝርን ከ0 ሲቆጥሩ ሉዋና ጁሊያ ግን እንደ ግዕዝ ከ1 ይጀምራሉ። ሉዋ በ1993 እ.ኤ.አ. ብራዚል ውስጥ የተወለደች ናት፤ ትርጉሟም በፖርቱጋልኛ ጨረቃ ነው።

ፓይተን «፭» አኃዝ መሆኑን ያምናል፤ ወደ ቁጥር ለውጥልኝ ሲሉት ግን አሻፈረኝ ይላል።

ፓይተን ራሱ የጨዋታ ልጅ ነው። ጊዶ ቫን ሮሰም በ1989 እ.ኤ.አ. የገና ሰሞን ለጊዜ ማሳለፊያ ጀመረው፤ ስሙም ከእባቡ ሳይሆን «ሞንቲ ፓይተን» ከተባለው የእንግሊዝ የቀልድ ቡድን የመጣ ነው። ሩቢ ደግሞ ጃፓናዊው ዩኪሂሮ ማትሱሞቶ ጸሐፊው ደስ እያለው እንዲሠራ አስቦ የፈጠረው ነው። መሰልቸት የሚፈራ ሰው ከእሱ ቢጀምር አይቆጨውም።

ጃቫስክሪፕት የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል፤ በብሮውዘር ላይ «ኢትዮፒክ» ካላንደር ሲመርጡለት ዛሬን ጳጉሜን ጨምሮ በእኛ ወር ይነግርዎታል። ስሟን ከቡና የወሰደችው፣ አርማዋም የሚጤስ ስኒ የሆነው ጃቫስ? በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው ጃቫ 8 የታይላንድና የጃፓን አቆጣጠር አብሮ መጣ፤ የቡና አገሩ ግን አልተካተተም።