እንቅልፍ የማይነሳ ቡና

በለጤ-ጌራ ደን ውስጥ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ሁለት የቡና ዛፎች ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል። ቅጠላቸው ይመሳሰላል፤ አበባቸው እኩል ይነጣል፤ እሸታቸውም በአንድ ሰሞን ይቀላል። ለቃሚዋ የሁለቱንም ፍሬ አንድ ቅርጫት ውስጥ ትጨምረዋለች። ሆኖም የአንደኛዋ ፍሬ የሌላይቱን ስድስት እጥፍ ካፌይን ይዞ ሊሆን ይችላል። ዓይን ይህን አያየውም። ምላስም አይለየውም፤ ከቡና ምሬት ውስጥ የካፌይን ድርሻ ጥቂት ነውና።

ስድስት እጥፍ ማለቴ ለማጋነን አይደለም። የብራዚል ተመራማሪዎች ከቀድሞው የከፋ ጠቅላይ ግዛትና ከኢሉባቦር ከተወሰደ ዘር የበቀሉ ቡናዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2000 ውጤቱን አሳትመዋል። በከፋዎቹ ቡናዎች የካፌይኑ መጠን ከ0.46 እስከ 2.82 በመቶ ሲደርስ፣ በኢሉባቦሮቹ ደግሞ ከ0.42 እስከ 2.90 በመቶ ሆኖ ተገኘ። የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጅማ ነበረች። ስለዚህ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ አጋሮ፣ ስለ ጌራ፣ ስለ ሊሙና ስለ ቦንጋ አገር ነው።

ዓለም ይህን ተክል «አረቢካ» ብሎ ይጠራው እንጂ የትውልድ ቦታው ዐረብ አገር አይደለም። በዱር የሚገኝበት ቀዬም እጅግ ጠባብ ነው፤ በዋናነት የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች፣ ከድንበር ማዶም የደቡብ ሱዳን የቦማ አምባ ናቸው። በላቲን አሜሪካና በእስያ የተንሰራፋው አረቢካ በየመን በኩል አልፈው ከሄዱ ጥቂት ዘሮች የተባዛ በመሆኑ እርስ በርሱ በጣም ይቀራረባል። ሰፊው ልዩነት የቀረው እዚሁ ጫካችን ውስጥ ነው። ይህ ልዩነት ምን እንደሆነና ለምን ልንሳሳለት እንደሚገባ ለመረዳት ከካፌይን አሠራር መጀመር ይሻላል።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

ካፌይንን ከቡና ፍሬ ለይቶ ያወጣው ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሊብ ፈርዲናንድ ሩንገ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1819 ነበር። ፍሬውን «እስቲ ይህንን መርምር» ብሎ የሰጠው ታላቁ ባለቅኔ ጎተ ነው። ካፌይን 8 የካርቦን፣ 10 የሃይድሮጅን፣ 4 የናይትሮጅንና 2 የኦክስጅን አቶሞች የተያያዙበት ውህድ ነው።

ዛፏ ካፌይንን የምታዘጋጀው በአንድ ጊዜ አይደለም። ዛንቶሲን ከተባለ ውህድ ትነሳና አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያሉትን ሜቲል የተባለ ቅንጣት ሦስት ጊዜ ትቀጥልበታለች። ለእያንዳንዱ ቅጥያ ሥራውን የሚያከናውን ኢንዛይም አላት። ነገሩን ለማስታወስ የቡና ሥርዓታችን ይረዳናል። የመጀመሪያው ሜቲል ሲቀጠል አቦል ወረደ እንበል። ሁለተኛው ሲቀጠል ቶና ይሆናል፤ በዚህ ደረጃ ያለው ውህድ ቴኦብሮሚን ይባላል፤ ቸኮሌት በሚሠራበት ካካዎ ውስጥ በብዛት የሚገኘው እርሱ ነው። ሦስተኛው ሜቲል ሲጨመር በረካው ይወርዳል፤ ቴኦብሮሚኑም ካፌይን ይሆናል። እንግዲህ በዚህ ረገድ ቡናን ከካካዎ በዋናነት የምትለያት የመጨረሻዋ ዙር ናት። የዚያችን ዙር ኢንዛይም የሚያዝዘው ዘረመል ከተበላሸ ዛፏ ቶና ላይ ትቆማለች።

አራቱ ናይትሮጅን ከየት ይመጣሉ? ከአፈሩ ነው። እዚህ ላይ የቡናዋን ጎረቤት ማንሳት ግድ ይላል። በጅማ ዙሪያ ገበሬው ለጥላ ብሎ ከሚያቆያቸው ዛፎች አንዱ ብርብራ ነው፤ በተፈጥሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይበቅል የአገራችን ዛፍ። ብርብራ እንደ ባቄላና እንደ አተር ከጥራጥሬ ወገን ስለሆነ ሥሩ ላይ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ተባብሮ የአየሩን ናይትሮጅን ይይዛል፤ ቅጠሉ ሲረግፍና ሲበሰብስ አፈሩ ይወፍራል፤ ቡናዋም ከዚያ ትጠቀማለች። ብርብራ ራሱም ኬሚስት ነው። ዓሣ አጥማጆች ፍሬውን ወቅጠው ውኃ ላይ ሲበትኑት ዓሣው ደንዝዞ እንደሚንሳፈፍ ከጥንት ያውቃሉ። ፍሬው ውስጥ ያለው ሮተኖን የተባለ ውህድ በዓሣው ስንጥብ በኩል ገብቶ ሴሎቹ በኦክስጅን ጉልበት የሚያመነጩበትን መንገድ ስለሚዘጋ ነው። አንድ ጥላና አንድ ሥር ያለች ትንሽ የቡና ማሳ እንኳ የብዙ ውህዶች መሥሪያ ቤት ናት።

መርዝም፣ ማስታወሻም

ዛፏ ይህን ሁሉ የምትለፋው ለእኛ ንቃት ብላ አይደለም። ካፌይን ለብዙ ነፍሳት መርዝ ነው፤ በለጋ ቅጠልና በፍሬ ውስጥ በብዛት የሚገኘውም ለዚህ ነው። ግን ሁሉንም አያሸንፍም። የቡና ፍሬ የሚሰረስረው ጥንዚዛ አንጀቱ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ካፌይኑን ስለሚያፈርሱለት በምቾት ይኖራል።

በአበባዋ ውስጥ ደግሞ ካፌይን ሌላ ሥራ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የቡና አበባ የአበባ ማር ጥቂት ካፌይን እንዳለው አሳይቷል። ያን ያህል ካፌይን የቀመሱ ንቦች የአበባውን ሽታ ከአንድ ቀን በኋላ የማስታወስ ዕድላቸው ካልቀመሱት ሦስት እጥፍ ሆነ። በደን ውስጥ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል የጌራ ወይም የከፋ ንብ አንቢ ቡና ሲያብብ ንቦቹ ወዴት እንደሚተሙ ያውቃል። ንቦቹ ለምን ደጋግመው እንደሚመለሱ ደግሞ ጥናቱ ምክንያቱን ጨመረለት።

በእኛ አካል ውስጥ ካፌይን የሚሠራው በማሳሳት ነው። ቀኑን ሙሉ ስንሠራ አዴኖሲን የተባለ ውህድ አንጎላችን ውስጥ ይጠራቀምና የራሱ መቀመጫ ላይ እየተቀመጠ ድካም እንዲሰማን ያደርጋል። ካፌይን በቅርጹ አዴኖሲንን ስለሚመስል መቀመጫውን ቀድሞ ይይዝበታል፤ ድካሙ ቢኖርም መልእክቱ አይደርስም። በየቀኑ ለሚጠጣ ሰው አንጎል ተጨማሪ መቀመጫ ያዘጋጃል። ስለዚህ በረመዳን የመጀመሪያ ቀናት ወይም በጾም ጠዋት ቡናው የዘገየበት ሰው ራሱን ያመዋል፤ አዴኖሲን ባዶ ያገኛቸውን መቀመጫዎች ሁሉ ይይዝና የጭንቅላቱን የደም ሥሮች ያሰፋቸዋል። ሐራራ የምንለው ስሜት ምንጩ ይህ ነው።

ቡናው ሲቆላ ካፌይኑ ብዙም አይጠፋም፤ ከሌሎቹ የቡና ውህዶች መካከል ግን ክሎሮጅኒክ አሲድ አብዛኛው ይፈርሳል፤ ትሪጎኔሊን ደግሞ በከፊል ኒያሲን ወደተባለው ቫይታሚን ይለወጣል። ካፌይን ሙቅ ውኃ ውስጥ ቶሎ ስለሚሟሟ አቦሉ ይዞት ይወርዳል። በጤናማ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ ከገባው ካፌይን ግማሹ እስኪወገድ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ጊዜው በጣም ይረዝማል። የዓለም ጤና ድርጅትም በቀን ከ300 ሚሊግራም በላይ ካፌይን የሚወስዱ ነፍሰ ጡሮች እንዲቀንሱ ይመክራል። ልቧ የሚመታባት፣ ሌሊቱን ስትገላበጥ የምታድር፣ ያረገዘች ሴት ቡና አፍልታ ለጎረቤት ትቀዳና ራሷ ሳትጠጣ ትቀራለች። ያለ ካፌይን ቡና የሚፈለገው ለእንደዚህ ዓይነቷ ሴት ነው።

ሦስቱ ዛፎች

ፋብሪካዎች ካፌይንን ከፍሬው አጥበው ያወጣሉ። ግን እጥበቱ ከካፌይኑ ጋር የቡናውን መዓዛም ይነካል። ካፌይን ሳትሠራ ተወልዳ የምታድግ ዛፍ ብትገኝስ?

ተገኝታለች። እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ያሰማራው ቡድን በኢትዮጵያ የቡና አገሮች እየተዘዋወረ 621 ናሙና ሰበሰበ። ከዚያ ዘር የተወሰነው ኮስታሪካ ገባ፤ ከኮስታሪካም ወደ ብራዚል ተሻገረ። በካምፒናስ ከተማ ያለው የግብርና ምርምር ተቋም ተክሎ አቆየው። ማሪያ በርናዴቴ ሲልቫሮላ፣ ፓውሎ ማዛፌራና ሉይዝ ፋዙኦሊ 3000 ያህል ኢትዮጵያዊ መነሻ ያላቸውን ዛፎች አንድ በአንድ መርምረው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2004 ኔቸር መጽሔት ላይ ውጤቱን አወጡ። ከሦስቱ ሺህ ውስጥ ሦስት ዛፎች ካፌይን የላቸውም ለማለት የሚያስደፍሩ ሆኑ። በአንደኛዋ የአንድ ግራም ፍሬ ካፌይን 0.76 ሚሊግራም ብቻ ነበር፤ በተለመደው ዝርያ ግን 12 ሚሊግራም ነው። በቅጠሏ ውስጥ ቴኦብሮሚን ተጠራቅሞ ተገኘ። በረካው አልወረደም፤ ዛፏ ቶና ላይ ቆማለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ቀላል አልሆነም። ዛፎቹ ብዙ ፍሬ አይሰጡም። አረቢካ አብዛኛውን ጊዜ አበባው ሳይከፈት ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ የእነዚህ አበባ ግን ቀደም ብሎ ይከፈታል። ንብ ከሌላ ዛፍ ያመጣችው ብናኝ ጤነኛውን ዘረመል ይዞ ሲገባ ካፌይኑ በፍሬው ውስጥ ይመለሳል። ካፌይን ደጋግሞ የጠራት ንብ የተመራማሪዎቹን ልፋት መልሳ ታፈርሳለች።

ዜናው ሲሰማ በኢትዮጵያና በብራዚል መካከል የባለቤትነት ክርክር ተነሳ። ዘሩ ሲወሰድ እንዲህ ያለ ሀብት የማን እንደሆነ የሚደነግግ ዓለም አቀፍ ስምምነት አልነበረም። አገሮች በዘረመል ሀብታቸው ላይ ሉዓላዊ መብት እንዳላቸው የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1992 በተፈረመው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ነው። ኢትዮጵያም የዘረመል ሀብቷንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 482/1998ን አወጣች። ሕጉ በሩን ይጠብቃል፤ ከበሩ ውስጥ ያለውን ግን አይቆጥርልንም። ብራዚል ያገኘችው ዘሩን ስለያዘች ብቻ አይደለም፤ ሦስት ሺህ ዛፎችን በትዕግሥት ስለለካች ነው።

ጫካው አንድ ጊዜ አድኖናል

የጫካው ልዩነት ምን ዋጋ እንዳለው ለማወቅ ብራዚል መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ አረንጓዴውን እሸት አጥቁሮ ያረግፈው ጀመር። ከጅማ ወጣ ብሎ ባለው መልኮ ምርምር ማዕከል የነበሩ ባለሙያዎች መድኃኒት ከመርጨት ይልቅ ወደ ደኑ ወረዱ። በሽታው በበረታበት መካከል ፍሬያቸው ያልጠቆረ ዛፎችን ፈልገው ዘራቸውን ወሰዱ። ዛሬ የጅማና የመቱ ገበሬ በቁጥር የሚጠራቸው 74110፣ 74112፣ 74158፣ 74165 የዚያ ፍለጋ ልጆች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የተመረጡበትን ዓመት፣ 1974ን፣ ያመለክታሉ። በሽታውን የተቋቋመው የጫካው ልዩነት እንጂ ከፋብሪካ የመጣ ነገር አልነበረም።

ይህን ልዩነት ማስቀመጥ ግን እንደ ጤፍና ስንዴ ቀላል አይደለም። የጤፍ ዘር ደርቆ በቅዝቃዜ ለብዙ ዓመት ይቆያል፤ የቡና ዘር ግን በዚያ መንገድ ሲቀመጥ መብቀል ያቅተዋል። ስለዚህ ቡና የሚጠበቀው ቆሞ፣ ዛፍ ሆኖ ነው። በጎማ ወረዳ ጮጬ፣ ፍየሎቹ ቡና በልተው ጨፈሩ የሚለው ታሪክ በሚነገርባት አገር፣ ከ5000 በላይ የቡና ናሙናዎች በሕይወት ቆመዋል። መልኮም የራሱ ስብስብ አለው። ከሁለቱ የሚበልጠው ስብስብ ግን በለጤ-ጌራ፣ ያዮ፣ ከፋና ሸካ ያለው ደን ነው። ያዮና ከፋ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሸካ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ገብተዋል።

መመዝገብ አደጋውን አያስቀርም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የዱር አረቢካን የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው ዝርያዎች መካከል መድቦታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ደግሞ ምንም እርምጃ ካልተወሰደ ኢትዮጵያ ዛሬ ቡና ከምታበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። ከአየሩ ሙቀት ሌላ የገበሬው ገጀራም አለ። ያረጀውን የጫካ ቡና ነቅሎ በተመረጠ ችግኝ መተካት ለአንድ ቤተሰብ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ኪሎው ይጨምራል፤ ልጆች ትምህርት ቤት ይገባሉ። ጉዳቱ የሚታየው ሺህ ቤተሰቦች ሲደመሩ ነው።

ስለዚህ ገበሬውን መውቀስ ተገቢ አይደለም። የተሻለው መንገድ ዛፏን ከመነቀሏ በፊት ማወቅ ነው። መልኮና ጮጬ ያሉት ዛፎች አንድ በአንድ ካፌይናቸው፣ ትሪጎኔሊናቸው፣ ክሎሮጅኒክ አሲዳቸው ይለካ፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ቅርብ ነው፤ ልኬቱም ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። በደኑ ውስጥ ነባር ቡናውን ሳይነቅል ለሚያቆይ ገበሬ ደግሞ የሚያቆየው ነገር ዋጋ ያለው መሆኑ በገንዘብ ይታወቅለት፤ ጠባቂው እርሱ ነውና።

ወደ ሁለቱ ዛፎች እንመለስ። ለቃሚዋ ቅርጫቷን ሞልታ ሄዳለች፤ ከሁለቱ አንዷ ለበዓል ማግሥት ነቀላ ተመርጣለች እንበል። የቱ እንደምትነቀል የሚወስነው ዕድሜዋና የፍሬዋ ማነስ ነው። የካምፒናሶቹ ሦስት ዛፎችም ፍሬያቸው ጥቂት ነው። እነዚያ የጌራ ማሳ ላይ ቢቆሙ ኖሮ ገና ሳይለኩ፣ በመጀመሪያው ጽዳት ነቅለናቸው ነበር።